ሙዚቃዬን ክላውድ ላይ ሲንክ አድርጌ ከላፕቶፔ ላጥፋው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዱባይ ነው፤ ኮንትራቴ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ላፕቶፔ ላይ 135 ጊጋባይት የሚሆን ሙዚቃ አለኝ። 9,000 ያህሉ ኤምፒ3 ነው፤ የቀረው ከቤተሰቤ 60 ካሴቶች ወደ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) የገለበጥኩት ነው። ካሴቶቹ አሁን የሉም። ላፕቶፑ ስለሞላብኝ ጎግል ድራይቭ ወይም አፕል ሚዩዚክ ላይ ሲንክ አድርጌ ከላፕቶፑ ላጠፋው አስቤያለሁ። ምን አደጋ አለው?»

ምላሽ፦

አያጥፉ። ሲንክ የተሠራው ላፕቶፑ ላይ ያለውና ክላውድ ላይ ያለው ምንጊዜም አንድ ሆነው እንዲቆዩ ነው። እዚህ ሲጨምሩ እዚያም ይጨምራል፤ እዚህ ሲያጠፉ እዚያም ያጠፋል፤ ለምን እንዳጠፉት አይጠይቅም። ያሰቡት ነገር እንዳለ ቢፈጸም ሙዚቃው ከሁለቱም ቦታ ሊጠፋ ይችላል። ጎግል ድራይቭ የተሰረዘውን ፋይል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ያቆይና ራሱ ይደመስሰዋል። የማይክሮሶፍቱ የዋንድራይቭ የግል አካውንትም የሚያቆየው 30 ቀን ነው። ሙዚቃ ደግሞ በየቀኑ የሚከፈት ሰነድ አይደለም፤ የአንድ ካሴት ቅጂ መጥፋቱን የሚያውቁት ከስድስት ወር በኋላ ለበዓል ሲፈልጉት ነው።

«ታዲያ ክላውድ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ምርጫ አለ» ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አለ። ጎግል ድራይቭ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን በሁለት መንገድ ይሠራል። «ሚረር» ካሉት ሙሉው ፋይል ላፕቶፑ ላይም ክላውድ ላይም ይቀመጣል። «ስትሪም» ካሉት ፋይሉ ክላውድ ላይ ይሆንና ላፕቶፑ የሚያሳይዎ ስሙን ብቻ ነው፤ ሲከፍቱት ይወርዳል። ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ለሰነድ ጥሩ ነው፤ ለሙዚቃ ስብስብ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ስብስቡን ሲቃኝ የየዘፈኑን ታግ (በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የዘፋኝ፣ የአልበምና የርዕስ መረጃ) ለማንበብ እያንዳንዱን ፋይል ይከፍታል፤ ይህ ማለት 9,000 ዘፈን መልሶ ሊያወርድ ይችላል ማለት ነው፤ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው የወር ፓኬጁ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው ይብሳል፤ «ሃርድ ዲስክ ላይ ባክአፕ ላድርግ» ብለው ፎልደሩን ሲገለብጡ ኢንተርኔት ከሌለ ወይም አካውንቱ ከተዘጋ የሚገለበጥ ነገር የለም። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ከነቀኑ ቁጭ ብሎ ስለሚታይ ሁሉም ያለ ይመስላል።

ማመሳሰያው፣ ማለትም የሲንክ ፕሮግራሙ፣ ራሱም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የጎግል ድራይቭ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቁጥር 84 ገና ወደ ክላውድ ያልተጫኑ ፋይሎችን ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር አጥፍቶ ነበር፤ ጎግልም ችግሩን አምኖ በቀጣዩ ወር መመለሻ መሣሪያ ለማውጣት ተገደደ። ለዚህ ነው «ተጭኖ አለቀ» የሚለውን ምልክት ማየት ብቻ የማይበቃው። ወርዶ መፈተሽ አለበት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

አፕል ሚዩዚክ ከዚህ የተለየ ነው፤ ለእርስዎ ስብስብ ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው እላለሁ። «ሲንክ ላይብረሪ» ሲከፈት መጀመሪያ ዘፈንዎ በአፕል ካታሎግ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። ካገኘው የእርስዎን አይጭንም፤ ስልክዎ ላይ የሚያሰማዎት የራሱን ቅጂ ነው። ካላገኘው የእርስዎን ይጭናል፤ ዌቭ ወይም አፕል ሎስለስ (ድምፅ ሳይጥል የሚጨምቅ የአፕል ፋይል) ከሆነ ግን የሚጭነው ወደ 256 ኪሎቢት ኤኤሲ (ከድምፁ ቀንሶ የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) ለውጦ ነው። ዋናው ፋይል ላፕቶፑ ላይ እስካለ ድረስ አይነካም። ችግሩ የሚመጣው ላፕቶፑ ላይ አጥፍተው መልሰው ሲያወርዱ ነው፤ ያስገቡት ዌቭ ነበር፣ የሚወጣው ኤኤሲ ነው። ከመጨመቂያው የተጣለው ድምፅ ደግሞ ዳግመኛ አይመለስም።

የማዛመዱ ነገር የኢትዮጵያን ሙዚቃ በተለይ ይጎዳል። አንድ ዘፋኝ ያንኑ ዜማ በኦርኬስትራ፣ በኋላ ደግሞ በኪቦርድ፣ ከዚያም በሲዲ ዘመን እንደገና ዘፍኖት ይሆናል፤ ርዕሱም ስሙም ያው ነው። አፕል ሚዩዚክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀምር የሚያዛምደው ታጉን አይቶ ነበር፤ ስለዚህ የስቱዲዮውን ዘፈን በመድረክ ቅጂ የተካበት ብዙ ሰው ነበር። ከ2016 አጋማሽ ወዲህ ድምፁን ራሱን ያነጻጽራል፤ ስህተቱ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ያረጀ ቴፕ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚል ከካሴትዎ አንዱ ዘፈን ይዛመዳል፣ ቀጣዩ አይዛመድም፤ በአንድ ሳይድ ላይ ግማሹ የእርስዎ ካሴት፣ ግማሹ የኩባንያው ቅጂ ይሆናል። ከ200 ሜጋባይት ወይም ከ2 ሰዓት የሚበልጥ ፋይልም አይጫንም። የ30 ደቂቃ ሳይድ ሳይቆረጥ በሲዲ ጥራት ዌቭ ሲሆን 317 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ይህ ገደብ ሊመለከትዎ ይችላል። በዚያ ላይ ከስልክ ላይ «ከላይብረሪ አጥፋ» ያሉት ዘፈን ከሁሉም መሣሪያዎችዎ ላይብረሪ ይወጣል፤ የደንበኝነት ክፍያው ሲቋረጥም የተጫነው በክላውድ አይገኝም። ኩባንያው ራሱ አገልግሎቱ ባክአፕ እንዳልሆነ በግልጽ ይጽፋል።

አገልግሎቱ ራሱ ይዘጋልስ? ተዘግቶ ያውቃል። ጎግል ፕሌይ ሚዩዚክ እስከ 50,000 የግል ዘፈን በነፃ ያስቀምጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሥራ አቁሞ የካቲት 24 ቀን 2021 የቀረውን ሁሉ ሰረዘ። ፍላክ (ድምፅ ሳይጥል የሚጨምቅ የፋይል ዓይነት) የጫኑ ሰዎች ሲያወርዱ ያገኙት 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነበር፤ መጀመሪያውኑ ሲጫን ስለተለወጠ። ማይስፔስ በ2019 ሰርቨር ሲያዛውር ከ2015 በፊት የተጫነው ሙዚቃ ሁሉ እንደጠፋ አስታወቀ፤ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ዘፈን ነበር። እንደ ጎግሉ ያለው መዘጋት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ኢሜይል ይላካል፣ ጊዜ ይሰጣል። ኢሜይሉ የሚላከው ግን ላይከፍቱት በሚችሉት አካውንት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ዋና አደጋ እንምጣ፦ አካውንቱ። የዱባይ ስልክ ቁጥርዎን ለማረጋገጫ ኮድ ካስመዘገቡ ሲሙ ሲዘጋ ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አዲስ አበባ ደርሰው አዲስ ስልክ ላይ ለመግባት ሲሞክሩ ኮዱ የሚሄደው ወደ ማያውቁት ሰው ነው። ከመመለስዎ በፊት፣ ሲሙ እየሠራ እያለ፣ የኢትዮጵያ ቁጥር ያስጨምሩ፤ ከጎግል አካውንትዎ የደህንነት ገጽ ላይ 10 የመጠባበቂያ ኮዶችን አውጥተው ወረቀት ላይ ያትሙ። እያንዳንዱ ኮድ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ነው። ወረቀቱን ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ፤ ስክሪንሾት አንስቶ እዚያው ስልክ ላይ መተው ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

ክፍያውም አለ። ነፃው የጎግል ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ከጂሜይልና ከፎቶዎችዎ ጋር የጋራ ነው። 135 ጊጋባይት የሚገባው በሚከፈልበት ብቻ ነው። የሚከፍሉበት የባንክ ካርድ ከነመኖሪያ ፈቃድዎ ሲዘጋ ክፍያው ይቋረጣል። ወዲያው የሚሰረዝ ነገር የለም፤ ነገር ግን ከነፃው ገደብ በላይ ስለሆኑ አዲስ ፋይል አይጫንም፣ ጂሜይልዎም መላክና መቀበል ያቆማል። ሰው ደንግጦ ቦታ ለማስለቀቅ ትልልቁን ፎልደር የሚሰርዘው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ሁልጊዜ ዌቩ ነው። እንዲህ ለሁለት ዓመት ከቆየ ጎግል ይዘቱን ሊሰርዝ ይችላል፤ ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትንም እንዲሁ። አገር ቤት ከገቡ በኋላ በውጭ ምንዛሪ ማን እንደሚከፍል ከአሁኑ ይወሰን።

የፋይል ስም ነገር ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደል መለያ ሥርዓት) አጻጻፍ ሲቀመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። በአንድሮይድና በሊኑክስ የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው፤ ስለዚህ የአማርኛ ስም ከነነጥቡና ከነቅጥያው 85 ፊደል ሳይሞላ ያልቃል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ ስሌት ስለሆነ 255 ፊደል ይፈቅዳል። «የዘፋኙ ስም፣ የአልበሙ ስም፣ የዘፈኑ ስም፣ ግጥምና ዜማ» ብለው በረጅሙ የሰየሙት ፋይል ላፕቶፑ ላይ ደህና ተቀምጦ ስልክ ላይ ሲደርስ አይወርድም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይዘለዋል፤ መዝለሉን የሚነግርዎ ደግሞ ማንም በማይከፍተው የስህተት መዝገብ ውስጥ ነው። ስሙን ከ40 ፊደል በታች ያድርጉት፤ ዝርዝሩ የታጉ ሥራ ነው።

ዊንዶውስና ዋንድራይቭ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ የእንግሊዝኛ ኮለን፣ ድርብ የጥቅስ ምልክትና እዝባር (/) በስም ውስጥ አይቀበሉም። የእኛ ሁለት ነጥብ «፡» ኮለን ቢመስልም ሌላ ፊደል ስለሆነ ያልፋል፤ ከማክ የመጣ «የት ነሽ» ብሎ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ርዕስ ግን ይቆማል። ሞክሼ ፊደላትም ዋጋ ያስከፍላሉ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። ላፕቶፑ ላይ በአንዱ፣ ስልኩ ላይ በሌላው ከጻፉ ስብስቡ ራሱን ያባዛል፤ ከዚያ «የተደገመ አጥፋ» የሚል ፕሮግራም ያመጣሉ፤ ያ ፕሮግራም በስምና በርዝመት ብቻ የሚያመዛዝን ከሆነ የካሴቱን ቅጂ ሰርዞ ኤምፒ3ውን ሊያስቀር ይችላል። በላቲን የተጻፈውም የራሱ ጉድ አለው፦ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ስሙ የሚጀምረው ከራሷ ላይ ጭረት ባላት ፊደል ነው። የድሮው የማክ ፋይል አሠራር ፊደሏንና ጭረቷን ለያይቶ ይጽፋል፤ ዊንዶውስ አንድ ላይ ይጽፋል። ማያ ላይ ፍጹም አንድ የሚመስሉ ሁለት ፎልደሮች ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛ ፊደል እንዲህ ስለማይከፋፈል፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ስለሌለው፣ በአማርኛ መሰየም በዚህ በኩል እንዲያውም የተሻለ ነው።

ታጉን በጅምላ ማስተካከል ካሰቡ ከመጫንዎ በፊት ይጨርሱት። በኤምፒ3 ውስጥ ታጉ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ የአልበም ሽፋን ሲጨምሩበት ድምፁ ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ማመሳሰያውም ፋይሉን እንደ አዲስ ይጭነዋል። 9,000 ዘፈን ላይ ሽፋን መለጠፍ ማለት ስብስቡን ሁለተኛ ጊዜ መጫን ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ አሮጌ ታጎች የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆነው ከታዩዎት አልተበላሹም፤ ፊደል የሚያስመስላቸው የድሮው ፎንት ነበር። እነዚህን በእጅ እንደገና መጻፍ ይሻላል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ።

ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ይግዙ፤ 500 ጊጋባይት ይበቃል። «2 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አይግዙ። የሐሰት ፍላሽ ለኮምፒውተሩ ያልሆነውን መጠን ይነግራል፤ ከእውነተኛው ልክ ሲያልፍ ስሙን ይመዘግባል፣ ድምፁን ግን የትም አያስቀምጥም። ማንኛውንም ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ይፈትሹ፤ በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ3 አለ። የዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሆነ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያድርጉት። ኤክስፋት የተባለው ሌላ ፎርማት እየሠራ ያለውን የሚመዘግብበት መዝገብ ስለማይይዝ በመገልበጥ መሃል መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል የፎልደሩን ማውጫ ሊያጣ ይችላል።

ከዚያ ዌቩን ወደ ፍላክ ይለውጡ። 60 ካሴት እያንዳንዱ 60 ደቂቃ በሲዲ ጥራት 38 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ፍላክ ሲሆን ወደ 25 አካባቢ ይወርዳል። የካሴቱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ በቀላሉ ስለማይጨመቅ ከዚህ ብዙ ዝቅ ይላል ብለው አይጠብቁ። ፍላክ ከድምፁ አንዲት ነጥብ አይጥልም፤ ተመልሶ ዌቭ ሲሆን ያው ነው። ለእርስዎ ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የአማርኛ ታግ በደህና ይይዛል፣ የድምፁንም መፈተሻ ቁጥር በውስጡ ይሸከማል። የዛሬ አምስት ዓመት ፋይሉ መበላሸቱን በራሱ ሊነግርዎ ይችላል፤ ዌቭ ይህ የለውም። ስትለውጡ «ቬሪፋይ» የሚለውን ምርጫ ያብሩ። ለኤምፒ3ዎቹ ደግሞ የሻ256 (ፋይሉ ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ መፈተሻ) ቁጥር ዝርዝር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያውጡና ከስብስቡ ጋር ያስቀምጡት። ማመሳሰያ የሚያየው መጠንና ቀንን ስለሆነ ዲስኩ ውስጥ በዝምታ የተበላሸን ፋይል ጤነኛ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይህን «ዋና» የሚል ፎልደር ውስጥ ከተው በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይገልብጡ። «ዋና» ፎልደር በምንም ዓይነት የሲንክ ፕሮግራም ውስጥ አይገባም።

ወደ ክላውድ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቀላሉ መንገድ ጎግል ድራይቭን በብራውዘር ከፍቶ ፎልደሮችን ጎትቶ ማስገባት ነው፤ ዌቩ ፍላክ ከሆነ በኋላ የሚቀረውን 122 ጊጋባይት በአንዴ ካስገቡ መሃል ላይ ይቋረጥና የቱ ጋ እንደቆመ ማወቅ ያቅታል፤ ከ5 እስከ 10 ጊጋባይት እየከፈሉ ይጫኑ። የተሻለው አርክሎን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሉት፦ «ኮፒ» የጎደለውን ይጨምራል፣ እዚያ ያለውን አይሰርዝም፤ «ሲንክ» እዚህ የሌለውን ከዚያም ይሰርዛል። ሁልጊዜ «ኮፒ»ን ይጠቀሙ። «ኮፒ» ቢሆንም የተለወጠን ፋይል በላዩ ስለሚጽፍ «ኢምዩተብል» የሚለውን ምርጫ ይጨምሩበት፤ አንዴ የተጫነውን እንዳይነካ ይከለክለዋል። መጀመሪያ «ድራይ ረን» ብለው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይዩ፤ ሲያልቅ «ቼክ» ይበሉት። ጎግል ድራይቭ የየፋይሉን መፈተሻ ቁጥር ስለሚይዝ ንጽጽሩ ያለማውረድ ይፈጸማል። አርክሎን ስሙን ጭምር የሚያመሰጥርበት አሠራር አለው፤ ከተጠቀሙበት ስሙ ስለሚረዝም የሚፈቀደው 143 ባይት አካባቢ ይሆናል፤ በአማርኛ 47 ፊደል ማለት ነው። ይለፍ ቃሉ ከጠፋ ደግሞ ሙዚቃውን ማንም አይፈታውም፤ ለግል ሙዚቃ ይህን ያህል አስፈላጊ አይመስለኝም።

መጫኑን ዱባይ እያሉ ይጨርሱ። 122 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሆነ የመጫኛ ፍጥነት ሳይቋረጥ 54 ሰዓት ይወስዳል። የኢንተርኔት ድርጅቶች በጉልህ የሚጽፉት የማውረጃውን ፍጥነት ነው፤ የመጫኛው ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል፣ በፍጥነት መለኪያ ገጽ ላይ አስቀድመው ይለኩት።

ሲያልቅ ይፈትሹት። 20 ፋይል ይምረጡ፤ ከነዚህ ውስጥ ስሙ በጣም የረዘመው፣ መጠኑ ትልቁ፣ በአማርኛ የተሰየመው፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ካሴት የተገለበጠው ይኑርበት። በሌላ ኮምፒውተር ያውርዷቸው፣ ቁጥራቸውን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ፣ ሁለት ሦስቱን እስከ መጨረሻው ያድምጡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን 10 ሰከንዶች ሰምቶ ይተዋል፤ ተቆርጦ የተጫነ ፋይል ግን መጀመሪያው ሁልጊዜ ደህና ነው።

ሁለቱ ዲስኮችና ክላውዱ ከተመሳከሩ በኋላ ከላፕቶፑ ማጥፋት ይችላሉ፤ የሲንክ ፕሮግራሙ በዚያ ፎልደር ላይ አለመሥራቱን አይተው። ለማድመጫ ከፍላኩ ሌላ ቅጂ በ160 ኪሎቢት ኤኤሲ ያውጡ፤ 60ው ካሴት 4.3 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን ስልክዎ ላይ ይገባል። አፕል ሚዩዚክን የሚወዱ ከሆነ ይህን ቅጂ ይስጡት፤ ቢያበላሸው ዳግመኛ ማውጣት ነው።

ጉዞው ላይ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ። አንዱ በእጅ ቦርሳዎ ይሁን፣ ሌላውን ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ዘንድ ትተው እርስዎ ደርሰው የያዙት መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ በሌላ ሰው ያስልኩት። የክላውዱን ፎልደር ለወንድም ለእህት የሚያካፍሉ ከሆነም ፈቃዱን «ተመልካች» ላይ ያቁሙት። «አርታዒ» የተደረገ ሰው ስልኩ ሲሞላበት ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ከጋራው ፎልደር ፋይሎችን ሊያወጣ ይችላል፤ እሱ ያጸዳው የራሱን ስልክ መስሎት ነው።